ማስመሪያው የዘለላቸው ቃላት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት 12፡40

ኤንድ፣ ኦፍ፣ ቱ፣ ፎር፣ ዋዝ። አሁን ደግሞ ሲደክሙ፦ ን፣ አቭ፣ ተ፣ ፈ፣ ወዝ። ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። እንዲያውም አፍ አረፋ ሲሞላ ይሻላል፤ ቃሉ በራሱ ይለሰልሳል።

ጉሙ በሩ ላይ ነው። ከአጥራችን ወዲያ ቦንጋ የለችም። ባጃጅ ይሰማል፣ አይታይም።

ደብተሬ፣ አንቺ የተሰጠሽኝ ለዚህ አልነበረም። የትምህርት ዕቅድ ደብተር ነሽ። «ይዘት»፣ «የመምህሩ ተግባር»፣ «የተማሪዎች ተግባር» የሚሉ ዓምዶች አሉሽ፤ ሦስቱንም አቋርጬ እጽፍብሻለሁ። ር/መምህሩ ያየሽ ቀን ጉዴ ፈላ።

ዛሬ ሥልጠናው ይጀመራል። ከሰዓት 9፡00። ከዞኑ የእንግ. መምህራን የተጠራን ስምንት ነን። አራት ሳምንት። መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ ይመረጣል፤ የማዳመጥ ትምህርቱን የሚያነብ። ሚሞሪ ካርድ ላይ ተጭኖ ከደካ እስከ ሺሺንዳ ባለው ት/ቤት ሁሉ ይከፈታል።

ያ ድምፅ የኔ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ መካድ የለም።

አባባ ነቅተዋል። ከመኝታ ክፍል «መስኮት» አሉ። ክፈቺ ማለታቸው ነው። ከፈትኩ። ጉሙ ገብቶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

የዚያው ዕለት፣ ማታ 12፡30

ተመለስኩ። አባባ በልተዋል። ያበሏቸው እትዬ ወርቄ ናቸው፤ ጎረቤታችን፣ እኔ በማልኖርበት ሰዓት አጠገባቸው የሚቀመጡ።

አሠልጣኙ መ/ር ዮናታን ይባላል። የሶዶ ልጅ ነው፣ ኮሌጅ ተመድቦ የመጣ። ድምፁ ዝቅ ያለ። ለመስማት ሁላችንም ወንበራችንን እየሳብን ተጠጋን። አውቆ ይመስለኛል የሚያደርገው።

ያለው ባጭሩ፦ እንግሊዝኛ እኩል አይራመድም። ከባዱ ቃል ላይ ይረግጣል፣ ቀላሉን እያንሸራተተ ያልፋል። ከባዶቹ ነገሩን የሚሸከሙት ናቸው፤ ሰው፣ ቦታ፣ ሥራ። ቀላሎቹ ማያያዣዎቹ። ሲደክሙ አብዛኞቹ ወደ አንድ ድምፅ ይሰበሰባሉ፣ ወደ ኧ። ስምንታችንም ተያየን። ስንት ዓመት የፈለግነው ድምፅ አፋችን ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ሚኒባስ ላይ ይህንኑ እያሰብኩ መጣሁ። ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ ይላል። የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው በግማሽ መቀመጫው ተለጠፈ። መንገዱ አልረዘመም፣ ሰዓቱም ያው ነው። እነ ቱ፣ እነ ኦፍ እንዲህ ናቸው። ይሳፈራሉ፤ ቦታ ግን አይጠይቁም። ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ወራጅ ማለት ረሳሁ። አንድ ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ።

ሌላው ነገር። ዛሬ ሁላችንም ተራ በተራ አነበብን። ሁላችንም አንድ ዓይነት፤ እኔም የጠዋት ልምምዴ ጠፍቶኝ። ቃል በቃል፣ እኩል እኩል፣ አንዱንም ሳንነካ አንዱንም ሳንዘል። መ/ር ዮናታን ደነቀው፤ የት ነው የተማራችሁት አለ። ከስምንታችን አምስቱ አንድ ስም ጠራን።

የአባቴን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1፡00

ማን መሆናቸውን ሳልነግርሽ ቀረሁ።

መምህር ጌታሁን። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምረዋል፤ መጀመሪያ ደካ፣ ከዚያ ሺሺንዳ፣ በመጨረሻ እዚሁ ቦንጋ። እኔንም አስተምረውኛል፣ ሰባተኛ ክፍል። የታወቁት በማስመሪያቸው ነው። የእንጨት፣ ጫፉ የተበላ። ሰው አይመቱበትም። ጠረጴዛ ይመቱበታል፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጊዜ። ዚስ፣ ጠቅ። ኢዝ፣ ጠቅ። ማይ፣ ጠቅ። ቡክ፣ ጠቅ። ስልሳ ልጅ ቆሞ አብሮ ይጮሃል። ቃል የዋጠ ጠግቧልና ምሳ አያስፈልገውም ይሉ ነበር። ተማሪው ይስቃል፤ ግን ማንም አይውጥም። ገበያ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ ሰው አስቁሟቸው በእንግሊዝኛ ሰላም ሲል ማስመሪያውን እሰማዋለሁ።

ሐምሌ ላይ ታመሙ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከዳቸው። ምላሳቸው ተያዘ። ሐኪሙ ያለኝን አልረሳም፤ የጭንቅላታቸው ግራ ጎን ተነክቷል፣ ትልልቆቹ ቃላት ተርፈዋል፣ ትንንሾቹ ጠፍተዋል።

እውነቱን ነው። «ውሃ።» «አስቴር።» «ሬዲዮ።» «ዝናብ... ልብስ።» ይኸው ነው። በመካከል ያለውን እኔ እሞላለሁ። ዝናብ መጣ፣ የተሰጣውን ልብስ አስገቢ።

እትዬ ወርቄ ይህ ተመችቷቸዋል። አፋቸውን የፈቱት በካፍኛ ነው፤ አማርኛ ገበያ ላይ የለመዱት። ትናንት በሹክሹክታ ምን አሉኝ፤ ድሮ የአባትሽ አማርኛ ረጅም ነበር፣ መጨረሻው ሳይደርስ መጀመሪያው ይጠፋኝ ነበር፣ አሁን እኮ ቀኑን ሙሉ ስንጫወት እንውላለን።

ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ ቧንቧው አጠገብ ትንሽ ቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ከሰዓት 10፡00

ዝናብ። ቆርቆሮው ሌላ ነገር አያሰማም። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፤ ወይም የተኙ መስለዋል።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ከጻፍኩት ይቀለኝ እንደሆነ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጅማ የአሥር ቀን ሥልጠና ነበረኝ። ይህን የስትረስ ነገር፣ ከባዱን ቃል መርገጡን፣ መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነው። ለአባባ ለማሳየት እንዴት እንደቸኮልኩ። ተመልሼ ሳሎን ውስጥ ላሳያቸው ጮክ ብዬ አነበብኩ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር፣ ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም አሁን መምህራን። አባባ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ። ቃላቱን የት ጣልሻቸው አሉኝ፣ በጨዋታ መልክ። እኔም በሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የሚነገረው እንዲህ ነው፣ እርስዎ ያስተማሩን ስህተት ነበር አልኳቸው።

ስህተት። ቃሉን ረግጬ። ስትረስ ማለት እሱ ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «እንግዲያው ተማሪዎቼን ሁሉ ሰብስበሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉ። አልተቆጡም። ይህ ነው የከፋው።

በአራተኛው ቀን ወደቁ። ከአፋቸው የሰማሁት የመጨረሻ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያ ነው። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው፣ ካንቺ ጋር ግንኙነት የለውም ብሎኛል። ጭንቅላቴ ያምነዋል።

አሁን ደግሞ ድምፄ ቢመረጥ፣ እሳቸው በማስመሪያ በዞሩበት ት/ቤት ሁሉ ገብቶ አንድ በአንድ ይሽራቸዋል። ይህን ይወቁ አይወቁ እንጃ። ብጠይቅስ በየትኛው ትንሽ ቃል ይመልሱልኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ጠዋት 12፡30

ከጓሮ ነው የምጽፈው፤ እንሰቱ መካከል። ልምምዴን ወደዚህ አዛውሬዋለሁ፣ እንዳይሰሙኝ። ቅጠሎቹ ከራሴ በላይ ተገናኝተዋል። ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል። ጠል ደብተሬ ላይ ጠብ ይላል፣ ይቅርታሽን።

ከጫካው በኩል ጉሬዛዎቹ ይጮሃሉ። እየተቀባበሉ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ። እነሱም ስትረስ አላቸው። ሁሉም ነገር አለው፣ ማዳመጥ ከጀመሩ። የእትዬ ወርቄ ዶሮ። የውሃ ጀሪካን የያዘው ጋሪ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የሚደግሙ ሽማግሌ ሰማሁ፤ ግማሹን ይውጡታል፣ ማንም ስህተት አላላቸውም።

ተ ስኩል። ን ዘ ሬን። ተ ስኩል። ን ዘ ሬን።

እትዬ ወርቄ በአጥር ላይ ብቅ ብለው ደህና አደርሽ ሳይሉ ሠፈርተኛው ከእንሰት ጋር እንግሊዝኛ ትነጋገራለች እያለ ነው አሉኝ። እንሰቱ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ አያቋርጠኝም አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ማታ 12፡00

የምርጫው ሥራ ተሰጠን። ስለምናውቀው አንድ ሰው አጭር ጽሑፍ። በስልክ ቀድቶ መላክ። የተመረጠው ቅጂ ራሱ የካርዱ የመጀመሪያ ትምህርት ይሆናል። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ጥቅምት 29፣ እስከ ቀኑ 6፡00። ደንቡ ተነበበልን፤ ከአንባቢው ድምፅ ሌላ ምንም ነገር የማይሰማበት ይሁን።

እጄ ሳላዘው ጻፈ፦

ማይ ፋዘር ዋዝ ኤ ቲቸር። ሂ ዎክድ ቱ ስኩል ኢን ዘ ሬን። ሂ ቶት አስ ቱ ሪድ ኤንድ ቱ ሊስን።

አባቴ መምህር ነበሩ። በዝናብ በእግራቸው ት/ቤት ይሄዱ ነበር። ማንበብንና ማዳመጥን አስተማሩን። በመካከል ሌላም አለ፤ ግን መጀመሪያውና መጨረሻው ይኸው ነው። ደካ ሲመደቡ መኪናው ከሚቆምበት ጀምሮ ጫካውን በእግር ነው የገቡት። ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መጻሕፍቱን በላስቲክ ጠቅልለው። ልጅ ሆኜ ይህን ታሪክ ስሰማ ዝናቡ ይታየኝ ነበር እንጂ እሳቸው አይታዩኝም ነበር። ነጭ ዝናብ፣ በመካከሉ ማስመሪያ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ ማታ 12፡40

ዛሬ አነበብኩ። መ/ር ዮናታን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ደካሞቹ ደክመዋል አለ፤ ቱ ጥሩ፣ ኤንድ ጥሩ። አንድ ነገር ግን። ሂ ላይ ትደገፊያለሽ አለ። በየቦታው። ሂ! ዎክድ። ሂ! ቶት። እንዲህ ሲባል የሚሰማ ሰው፣ ሌላ ሰው ነበር እንዴ የማይሄደው፣ ይላል አለኝ።

እንደገና ሞከርኩ። ሂ! እንደገና። ሂ! ምላሴ እሺ አይልም።

ከዚያ የሺሺንዳዋ በላይነሽ አነበበች፣ ስለ አክስቷ። ሺ! ሺ! ሺ! ቀጥሎ ሌላው፣ ስለ አሳዳጊ አጎቱ። ሂ! መ/ር ዮናታን ግራ ገባው። ከስምንታችን ስድስቱ ስለ ትልቅ ሰው ነው የጻፍነው፤ ስድስታችንም ያንኑ አጠፋን። ስለ ጓደኞቻቸው የጻፉት ሁለቱ ምንም አላጠፉም።

መጀመሪያ የገባው ለራሱ ነው። መሳቅ ጀመረ። እኛም ተከተልን። አማርኛው «ሄዱ» ሲል ክብሩ ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛው ለአባቴም ለባጃጅ ነጂውም ሂ ነው። ራቁታቸውን የቆሙ ያህል ይሰማናል። ስለዚህ በድምፃችን እናለብሳቸዋለን። ማንም ሳይመክረን፣ ስድስታችንም።

በሳቅ ተበተንን። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ሄደ። ሂን ማድከም አለብኝ። አባቴን በሁለት ከባድ ቃላት መካከል ጠጋ ጠጋ በሉ ብዬ በግማሽ መቀመጫ ላስቀምጣቸው ነው። ሐምሌ ላይ በሰው ፊት አሳነስኳቸው። አሁን ደግሞ በድምፅ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23፣ ጠዋት 2፡00

ሕልም። ሳልረሳው።

የደካ ክፍል ነው። አይቼው አላውቅም፣ ግን ደካ መሆኑን አውቃለሁ። ጉም እስከ መስኮቱ ግማሽ። አግዳሚዎቹ ላይ ትንንሾቹ ቃላት ተቀምጠዋል፤ ኦፍ፣ ቱ፣ ኤንድ። ፊት የላቸውም፣ ግን ዩኒፎርም ለብሰዋል። አባባ ስም ይጠራሉ። ሁሉም አቤት ይላል፣ በጣም በቀስታ። ሂ ሲጠራ አቤት የሚል የለም። ዞር ስል ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ራሳቸው አባባ ናቸው። ታዲያ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የቆመው ማን ነው? እያልኩ ነቃሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። የሕልሙ ጉም ከእውነተኛው ጉም ጋር ተቀላቅሏል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሳጥን ስከፍት ማስመሪያውን አገኘሁት። ከድሮ የተማሪ ዝርዝሮች ሥር። ግራ እጃቸው አጠገብ አኖርኩላቸው። ሲፈልጉኝ የአልጋውን እንጨት ይምቱበት ብዬ ነው። መጥራት ይደክማቸዋል። ያዙት፣ አገላበጡት፣ የተበላውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ጥሩ» አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25፣ ከሰዓት 11፡15

ፈጥኜ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌን ታገሺኝ።

ዝናቡ ከምሳ ጀምሮ አላባራም። ጓሮ መውጣት አይታሰብም። አራት ቀን ቀረኝ። እንግዲህ ምን ይደረግ ብዬ ሳሎን ውስጥ ጀርባዬን ለመኝታ ክፍሉ ሰጥቼ በቀስታ ማንበብ ጀመርኩ። ማይ ፋዘር ዋዝ ኤ ቲቸር።

ጠቅ። ጠቅ።

ጠሩኝ ብዬ ሮጥኩ። ውሃ? ራሳቸውን ነቀነቁ። መስኮት? አይደለም። በማስመሪያው ወረቀቴን አመለከቱ። «ንባብ» አሉ።

ፊቴ ጋለ። ሁሉንም ይሰሙ ነበር ማለት ነው፤ ምናልባት የእንሰቱንም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አነበብኩ። እሳቸው ይመታሉ። ለእያንዳንዱ ቃል ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እንደ ድሮው። አይደለም። ፋዘር፣ ጠቅ። ቲቸር፣ ጠቅ። በመካከል ማስመሪያው አየር ላይ ነው። ዎክድ፣ ጠቅ። ስኩል፣ ጠቅ። ሬን፣ ጠቅ። አንዱም አልተሳሳተም። በእኩል እርቀት ይወርዳል፤ እኔ ትንንሾቹን በመካከሉ ላደርስ እሽቀዳደማለሁ። ስዘገይ አይጠብቁኝም። ሦስት ሳምንት በጭንቅላቴ የያዝኩት ነገር ወደ ትከሻዬ ወረደ፣ ወደ ጉልበቴ። መቁጠር ተውኩ።

ሂ ላይ ግን ያው ነኝ። ሂ! ዎክድ።

ማስመሪያው ቆመ። ወዲህና ወዲያ ወዘወዙት፣ ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ልጅ ሲያርሙ እንደሚያደርጉት። እንደገና። ሂ! ወዘወዙት። ሦስተኛ ጊዜ ስደግም ማስመሪያውን ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩ። በግራ እጃቸው ደረታቸውን ነኩ። ከዚያ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አቀራረቡ፣ አንዲት የስንዴ ቅንጣት እንደሚይዝ ሰው።

«እኔ... ትንሽ» አሉ።

መስኮቱን አመለከቱ። ውጪውን፣ ያን ሁሉ ውሃ።

«ዝናብ... ትልቅ።»

ማልቀስ አልፈለግኩም፣ ግን አለቀስኩ። በአፌ የመጣውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ሐምሌን፣ እንግዶቹን፣ ስህተት ያልኩትን፣ ይቅር ይበሉኝ ያላልኩትን። ረጅም ረጅም ዓረፍተ ነገር። እትዬ ወርቄ ቢኖሩ ይጠፋቸው ነበር። አባባ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ፍለጋ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ዞረ። ረጅም ጊዜ። ሁለት ቃል አገኙ።

«ተማሪዎች... ንገሪ።»

ማስመሪያውን አነሡ። ንባቡን ቀጠልኩ። ሂ ወረደ፣ ቀለለ፣ ትንፋሽ ሆኖ አለፈ። ዎክድ፣ ጠቅ።

በዝናቡ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩኝ። ጫማ አንገታቸው ላይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26፣ ማታ 1፡10

ጥርጣሬ አደረብኝ። ምናልባት አላወቁም። ምናልባት ከእንግሊዝኛውም የሚደርሳቸው ያ ትልልቁ ብቻ ነው፤ የሰሙትን መቱ፣ ያልሰሙትን ዘለሉ። ከዚያ በላይ ምንም ላይኖረው ይችላል።

ሐኪሙን መጠየቅ እችላለሁ። አልጠይቅም። ትንሽና ትልቅ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ በጣታቸው ለክተው። ይበቃኛል።

ተማሪዎች፣ ንገሪ። በመካከል የጠፋው ምንድን ነው? ለተማሪዎቹ? ለተማሪዎቼ? ተሳስቼ እንደነበር? እንዳልተሳሳትኩ? ቀኑን ሙሉ በየክፍለ ጊዜው እየሞላሁ ሳወጣው ዋልኩ። ስድስተኛ ለ ክፍል ቾኩን በእጄ ይዤ ፈዝዤ ቆሜ ነበር አሉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28፣ ማታ 12፡20

ሁለት ቅጂ አለኝ።

አንደኛውን ትናንት፣ ኮሌጁ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ። ጥርት ያለ ነው። ዝንብ አይሰማበትም። ቱ ትክክል፣ ኤንድ ትክክል። ሂ ደግሞ ተሸክፎ ያልፋል፣ ግን ስሰማው ራሴን ስጠነቀቅ እሰማለሁ። እግሩ እንዳይረጥብ በድንጋይ ላይ የሚሻገር ሰው ይመስላል።

ሁለተኛው የዛሬ ጠዋት ነው። እዚሁ፣ አልጋቸው አጠገብ፣ ስልኬ ብርድ ልብሱ ላይ። የጣሪያው ዝናብ አለበት። ማስመሪያው አለበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። መጨረሻው ላይ፣ ሊስን ብዬ ስጨርስ፣ አንድ ሳል አለ። ያባባ ነው።

ለመ/ር ዮናታን ሁለቱንም አሰማሁት። አንደኛው ከደንቡ ጋር ይሄዳል፣ ያስመርጥሻል ብዬ አስባለሁ አለ። ሁለተኛውን ሌሎቹ መራጮች በዝናቡና በማስመሪያው ድምፅ ምክንያት ይጥሉታል፤ እኔ ብቻዬን ብሆን አልጥለውም፣ ግን ብቻዬን አይደለሁም። ሁለተኛው ላይ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፣ አንደኛው ላይ ግን ትጠነቀቂያለሽ አለ። የትኛውን ልላክ ስለው ይህን አልመክርም ብሎ ስልኬን መለሰልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29፣ ቀን 5፡20

አርባ ደቂቃ።

ጉሙ ዛሬ ቀደም ብሎ ተነሣ። ከተማው ታጥቦ ወጥቷል። ቆርቆሮው ሁሉ ያበራል። እትዬ ወርቄ ከአባባ ጋር ናቸው፤ «ፀሐይ» ይላሉ አንዳቸው፣ «ፀሐይ» ይላሉ ሌላኛቸው። ጨዋታቸው ደርቷል።

አንደኛውን ብልክ እመረጥ ይሆናል። ደካ ድረስ እደርሳለሁ፤ ጥርት ብዬ፣ ብቻዬን። የፈለግኩት ይህ አልነበረም ወይ? በመጀመሪያው ገጽሽ ላይ ጽፌዋለሁ፣ መካድ የለም ብዬ።

5፡35

አሁን ታወቀኝ፣ ያ በመካከል የጠፋው። ወይም እኔ ሞላሁት፤ መሙላት የኔ ሥራ ሆኗል።

ተማሪዎቼን ሁሉ ሰብስበሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብለው ነበር። እነዚያ ተማሪዎች አሁን መምህራን ናቸው፤ በየት/ቤቱ፣ ያ ካርድ በሚደርስበት ሁሉ። ከተመረጠ ይሰበሰባሉ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት። ይቅርታ ግን አልጠይቅላቸውም። ማስመሪያቸውን ይስሙት። ገና መጀመሪያው ጠቅ ላይ ማን እንደሆነ ያውቁታል። የቱን እንደመታ፣ የቱን እንደዘለለ ይስሙት።

ካልተመረጠም በላይነሽ ታነባለች፣ እሷም ጎበዝ ናት። እኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ለስድስተኛ ለ አሰማዋለሁ። ከዚያ ለሰባተኛ።

5፡50

ሁለተኛውን ላክሁት። ኔትወርኩ አንገላታኝ፤ ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች። ሄደ።

ልቤ ይመታል፣ እኩል እኩል ግን አይደለም።

ማስመሪያው። አንዴ። ውሃ ይሆናል፣ ወይ መስኮት፣ ወይ ደግሞ ያንን ንባብ ከመጀመሪያው እንድ... ጠቅ። መጣሁ፣ አባባ።